ለእናቴ የትኛው ወንበር ይቆረጥ?

ሰሞኑን ቤታችን የሚወራው ስለ አውሮፕላን ወንበር ነው። እናቴ ከደብረ ማርቆስ አሜሪካ ልትሄድ ነው፣ ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ ወልዳ። ቪዛው ተመቷል፣ ሻንጣው ተገዝቷል፣ በርበሬው ተፈጭቷል። የቀረው ቲኬቱ ነው፣ እሱ ላይ ግን አልተስማማንም። እህቴ «ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ይቆረጥላት፣ ጉልበቷን አታውቀውም እንዴ?» ትላለች። ታናሽ ወንድሜ «ቢዝነስ ካልሆነ ምን ልዩነት አለው? ብር መጣል ነው» ባይ ነው። እናቴ ደግሞ የዋጋውን ልዩነት ስትሰማ «ለወንበር?» አለችና ዝም አለች። ቆየት ብላ «በዚህ ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛል?» ብላ ጠየቀችኝ። አስልቼ ልነግራት አልደፈርኩም።

ነገሩን አጣርቶ የመጨረስ ሥራው ለእኔ ወደቀ። እኔ በፕሪሚየም ኢኮኖሚ ሄጄ አውቃለሁ፣ በተራው ኢኮኖሚም እንዲሁ። ያጣራሁትንና የማስበውን እዚህ የምጽፈው እንደኛ እናት ወይ አባት ለመላክ ደፋ ቀና የሚል ብዙ ቤት እንዳለ ስለማውቅ ነው። ጎጃም ውስጥ አሁን ውጭ አገር ልጅ የሌለው ሰፈር ማግኘት ይከብዳል።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ፕሪሚየም ኢኮኖሚ በተራው ኢኮኖሚና በቢዝነስ መካከል ያለ የአውሮፕላን ክፍል ነው እንጂ ትንሽ ቢዝነስ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ ባህር ዳር በሚኒባስ ስትሄድ ጋቢና እንደመቀመጥ ነው። መኪናው ያው ነው፣ መንገዱ ያው ነው፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ለምሳ የሚቆመውም ለሁሉም እኩል ነው። ግን እግርህ ይዘረጋል፣ ትከሻህ ከሰው ትከሻ ጋር አይጋፋም፣ ስትወርድ ሰውነትህ የራስህ ነው። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ግን አልጋ ላይ ተኝቶ አልመጣም።

ሐሳቡ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፣ የታይዋኑ ኢቫ ኤርና የእንግሊዙ ቨርጂን አትላንቲክ ናቸው ጀማሪዎቹ። ሉፍታንዛ በ2014 ተከተለ፣ ከአሜሪካኖቹ ደግሞ አሜሪካን ኤርላይንስ በ2016፣ ዴልታ በ2017 ገቡበት። በቁጥር ሲታይ በተራው ኢኮኖሚ ከአንዱ ወንበር እስከ ፊተኛው ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 79 ወይም 81 ሴንቲ ሜትር ነው። በፕሪሚየም 97 ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ አንድ ስንዝር አይሞላም። ወርዱም ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። በወረቀት ሲጻፍ የሚያሳፍር ነገር ይመስላል። እኔ ግን ረጅም ነኝ፣ ያቺ ስንዝር የማትሞላ ቦታ ጉልበቴን ከፊተኛው ወንበር አላቀቀችኝ። ከፊቴ ያለው ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ሲለቀው ፊቴ ላይ አልመጣም። በእኔና በጎረቤቴ መካከል ያለው የክንድ ማሳረፊያ ሰፊ ስለነበር ሁለታችንም ክንዳችንን ስናሳርፍ አልተነካካንም። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ወሰደኝ ብል ውሸት ነው፣ ግን እየተቆራረጠም ቢሆን ተኝቻለሁ። በተራው ኢኮኖሚ ግን አልተኛም። ስለዚህ ወንድሜ «ልዩነት የለውም» ሲል አልስማማም። ልዩነት አለው። ጥያቄው ልዩነቱ ለማን ነው፣ በየትኛው መንገድ ላይስ ነው የሚለው ነው።

ገንዘቡን እንየው። ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ብዙ ጊዜ የተራውን አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል፣ አንዳንዴ ሁለት እጥፍ ይደርሳል። እኔ የማደርገው ልዩነቱን ለሰዓት ማካፈል ነው። ልዩነቱ 700 ዶላር ነው እንበል፣ በረራው ደግሞ 14 ሰዓት። ሰዓቱን በ50 ዶላር ተከራየኸው ማለት ነው። 50 ዶላር ከፍለህ አንድ ሰዓት እግርህን ትዘረጋለህ ወይ? በምሽት በረራ፣ ማግስቱን ሥራ የሚገባ ሰው ከሆንክ፣ ምናልባት አዎ። በቀን በረራ፣ ፊልም እያየህ ለምትሄደው፣ እኔ አልከፍልም። በብር ሲሆን ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 700 ዶላር 40 ሺህ ብር ነበር። ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ያው 700 ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እህቴ በዶላር ነው የምታስበው፣ እናቴ በጤፍ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ያለመግባባታችን ግማሹም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል።

ከማካፈልህ በፊት ግን የምታካፍለውን ሰዓት እወቀው። ትራንዚት ያለው ጉዞ ሲሆን አንዳንዴ ፕሪሚየሙ ያለው በአንደኛው በረራ ላይ ብቻ ነው፣ ሌላው ላይ ተራ ኢኮኖሚ ትቀመጣለህ። ቲኬቱን ሲያሳዩህ ግን ሙሉው ፕሪሚየም ይመስላል። እያንዳንዱን በረራ ለየብቻ ክፈትና እይ፣ ወይም ቲኬት ቆራጩን «በሁለቱም ላይ ነው?» ብለህ ጠይቀው። ስሙም ያወናብዳል። ዴልታ «ኮምፈርት»፣ ዩናይትድ ደግሞ «ኢኮኖሚ ፕላስ» የሚሉት ወንበር አላቸው። እነዚህ የእግር ቦታ የተጨመረላቸው ተራ የኢኮኖሚ ወንበሮች ናቸው፣ ወርዳቸው አይሰፋም። የዩናይትድ ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ስሙ «ፕሪሚየም ፕላስ» ነው። አንዲት ቃል ተለውጣ ብዙ ዶላር ታስከፍላለች።

ሻንጣም ይቆጠራል። ተራው ቲኬት አንድ ሻንጣ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነና ፕሪሚየሙ ሁለት የሚፈቅድ ከሆነ፣ ሁለተኛ ሻንጣ አትላንቲክን ለመሻገር ብዙ ጊዜ 100 ዶላር ገደማ ስለሚያስከፍል ያንን ከልዩነቱ ላይ ቀንሰው። የኛ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ድርቆሹ፣ ለጎረቤት ልጅ የተላከው ነጠላ፣ ሁሉም ኪሎ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን ወደ አሜሪካ በኢኮኖሚም ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ፣ ስለሚፈቅድ በዚያ በኩል ፕሪሚየም የሚጨምርልህ የለም።

እንዲያውም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፕሪሚየም ኢኮኖሚ የሚባል ክፍል የለውም። ያለው ክላውድ ናይን የሚባለው ቢዝነስና ኢኮኖሚው ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ፕሪሚየም የምትፈልግ ከሆነ በሌላ አየር መንገድ፣ በሌላ አገር በኩል ማለፍህ ነው። እህቴ ያገኘችው በጀርመኗ ፍራንክፈርት የሚያልፍ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

እናቴን ላስተዋውቃችሁ። ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ ስትቀመጥ እግሯ ያብጣል። ከአማርኛ ሌላ አትናገርም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ማስቸገር አትወድም። ይሄ የመጨረሻው ነገር ነው ወንበሩን የሚወስነው። አዲስ አበባ ለሕክምና በአውቶቡስ ስንሄድ አይቻታለሁ። መስኮት ዳር ተቀምጣ፣ አጠገቧ አንድ ወጣት ተኝቶ፣ ሽንት ቤት መሄድ እያስፈለጋት ከደጀን ወርደን፣ ዓባይ በረሃን አልፈን፣ ጎሃ ጽዮን እስክንወጣ አልተነቃነቀችም። ውሃ ስሰጣት ከንፈሯን ብቻ ታርስና ትመልሰዋለች። «ምነው ጠጪ እንጂ» ስላት «ይብቃኝ ልጄ» ትላለች። በኋላ ነው የገባኝ። ውሃ ከጠጣች መነሳት አለባት፣ ከተነሳች ደግሞ ልጁን መቀስቀስ አለባት። ያንን ደግሞ አታደርገውም።

ይህቺን ሴት አውሮፕላን ላይ መስኮት ዳር ብታስቀምጣት፣ የፈለገው ፕሪሚየም ይሁን፣ ከተነሳችበት እስክትደርስ አትንቀሳቀስም። አደጋው ደግሞ አለመንቀሳቀሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ እግር ላይ ደም የመርጋት አደጋን እጥፍ ገደማ እንደሚያደርገው አሳይቷል፣ በአውሮፕላንም በአውቶቡስም በባቡርም። አደጋው ለጤነኛ ሰው ትንሽ ነው፣ ከ6,000 ሰው አንድ ገደማ። ዕድሜ ሲጨምር፣ ውፍረት ሲኖር፣ ቀዶ ሕክምና በቅርቡ ተደርጎ ከሆነ ግን ከፍ ይላል። ድሮ «የኢኮኖሚ ክላስ በሽታ» ይሉት ነበር፣ ስሙ ሰውን አሳስቷል። የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ አደጋውን የሚያመጣው የኢኮኖሚ ወንበር ነው ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። መስኮት ዳር መቀመጥ ግን ሰው ስለማይነሳ አደጋውን እንደሚጨምር ገልጿል። ይህን ሳነብ እናቴ ናት የታየችኝ። ለእሷ የሚበጀው ሰፊ ወንበር ሳይሆን ማንንም ሳትቀሰቅስ የምትነሳበት ወንበር ነው። መተላለፊያ ዳር። እሱ ደግሞ ቢያስከፍል እንኳ ከፕሪሚየም ጋር የሚወዳደር ዋጋ የለውም። ከዚያ በተረፈ እስከ ጉልበት የሚደርሰውን እግር ጠበቅ የሚያደርግ ካልሲ ገዝተንላታል፣ በረዥም በረራ ምልክት ሳያሳይ የሚመጣውን የደም መርጋት እንደሚቀንስ በጥናት የታየ ነው። እግር የሚያብጥ ሰው ግን ካልሲውን ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ያማክር። እኛ አማክረናል።

እህቴ «በፊት ረድፍ ወይም በመውጫ በር በኩል ይያዝላት፣ እግር ማሳረፊያው ሰፊ ነው» ብላኝ ነበር። የመውጫ በሩ ወንበር ለእናቴ አይሆንም። እዚያ የሚቀመጥ ሰው አደጋ ቢፈጠር በሩን የሚከፍት አቅም ያለው መሆን አለበት፣ ጉልበቱን የሚያመውን አያስቀምጡም። ፊት ረድፍ ደግሞ የሕፃናት አልጋ የሚሰቀልበት ስለሆነ ለቅሶ አይጠፋም፣ የክንድ ማሳረፊያውም ጠረጴዛው ስላለበት ወደ ላይ አይነሳም። እናቴ ሕፃን ትወዳለች፣ ለሷ ችግር ላይሆን ይችላል። እንደውም ከሕፃኑ እናት ተቀብላ ታባብለዋለች።

አንድ ሌላ የሚፈሩት ነገር አለ፣ «አየሩ ይከብዳታል» የሚል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እንደ ምድር አይደለም። በቦይንግ ድሪምላይነርና በኤርባስ ኤ350 ላይ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለን ሰው ያህል ይሰማል፣ በቆዩት አውሮፕላኖች እስከ 2,400 ሜትር ይደርሳል። 1,800 ሜትር ማለት ባህር ዳር ናት፣ ጣና ዳር። 2,400 ማለት ደብረ ማርቆስ። የባሕር ጠረፍ ሰው ራሱን የሚያዞረው አየር እኛ ተወልደን ያደግንበት ነው። እናቴ አውሮፕላን ውስጥ ከቤቷ ዝቅ ያለ ቦታ ነው የምትቀመጠው፣ ይህን ስነግራት ደስ አላት። የሚያስቸግራት ድርቀቱ ነው። ውስጡ ያለው እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው፣ ይሄ ደግሞ ፕሪሚየም ተቀመጥክ ኢኮኖሚ አይለወጥም። ውሃ መጠጣት ነው። ውሃ እንድትጠጣ ደግሞ መነሳት የምትችልበት ቦታ ያስፈልጋታል። ዞሮ ዞሮ መተላለፊያ ዳር።

ፍራንክፈርትን እናንሳ። ኢትዮጵያ፣ እንደ ጀርመን ያሉ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ (የሼንገን) አገሮች የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠይቋቸው አገሮች አንዷ ናት። የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው ግን ከዚህ ነፃ ነው፣ ስለዚህ እናቴን በዚህ በኩል የሚያግዳት የለም። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን የእናንተን ሁኔታ አረጋግጡ። እኔን ያሳሰበኝ ቪዛው አይደለም፣ መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ በሌሊት በርራ ጠዋት ላይ እንቅልፍ ሳይጠግባት ፍራንክፈርት ትወርዳለች። ግዙፍ ኤርፖርት ነው። ከበር ወደ በር፣ አንዳንዴም በባቡር ነው የሚኬደው። ፍተሻ አለ፣ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ሰው ደግሞ ጥያቄ ይጠይቁታል። ዊልቸር ቢታዘዝላትም የሚገፋት ሰው አማርኛ አይችልም። «ቁጭ በይ፣ እመጣለሁ» ብሏት ሲሄድ ተረስታ ይሆን ብላ የምታሳልፈውን ሰዓት ሳስብ ስንዝር የማትሞላዋ ቦታ ዋጋዋ ወረደብኝ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሜሪላንድ ጎረቤት ወደሆነችው ዋሽንግተን ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ጉዞው ረዘም ይላል፣ እውነት ነው። እናቴ ግን አውሮፕላን አትቀይርም። ሆስተሷ አማርኛ ትናገራለች። «እማማ፣ ምን ላምጣልዎ?» ትላታለች። ለእናቴ ይህ ከማንኛውም ወንበር ይበልጣል፣ ለሰው የማይታየውን ፍርሃቷን ያነሳላታልና።

ምግቡንም ላንሳ፣ ፕሪሚየም ሲሸጡ በሸክላ ሳህን የሚቀርብ የተሻለ ምግብ ብለው ስለሚያስተዋውቁት። እናቴ የምትሄደው በሁዳዴ ነው። ዓሣና ቅቤ የነካው ሁሉ ለሷ የለም። በውጭ አየር መንገድ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት የቪጋን ምግብ ማዘዝ ያስፈልጋል፣ ካልታዘዘ ዳቦና ሰላጣ ነው። ታዞም ቢሆን ትሪው ላይ የሚመጣውን አታውቀውም፣ ስለዚህ አትነካውም። የጾም መሆኑን በራሷ ቋንቋ ጠይቃ ማረጋገጥ ስትችል ነው የምትበላው። ያም ሆኖ ዳቦ ቆሎ በቦርሳዋ ቋጥራለች፣ የማንንም ቃል አታምንም።

ውሳኔያችን ይሄ ነው። ለእናቴ በኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ በኢኮኖሚ፣ መተላለፊያ ዳር፣ ከሽንት ቤቱ ብዙ ሳይርቅ። ዊልቸር ቲኬቱ ሲቆረጥ ታዟል፣ ነፃ ነው፣ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ማስመዝገብ ነው። ወላጆቻችን ዊልቸር ሲባሉ «እኔ ሽባ ነኝ እንዴ» ይላሉ። የእኔም ብላለች። ሰልፉንና ርቀቱን አስረድቼ ነው እሺ ያሰኘኋት። ከተረፈው ገንዘብ ትንሹን አዲስ አበባ ሁለት ቀን እንድታርፍበት አድርገናል። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተንገላታ በዚያው ቀን ማታ አውሮፕላን ላይ የምትወጣ እናት፣ ፕሪሚየም አይደለም ቢዝነስም አያድናትም። የጎጃም ሰው ጉዞ ቦሌ አይጀምርም። ባህር ዳር አካባቢ ላላችሁ ደግሞ፣ የውጭ ቲኬታችሁ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጡ በረራ በቅናሽ ስለሚቆረጥ አብራችሁ ጠይቁ፣ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ለራሴ ቢሆን ውሳኔው ሌላ ነው። ብቻዬን የሌሊት በረራ ከሆነ፣ ማግስቱን ሰው ፊት የምቆም ከሆነና ልዩነቱ ለሰዓት ከ40 ዶላር ካልበለጠ ፕሪሚየም እቆርጣለሁ። ጉልበቴ ያመሰግነኛል። ትራንዚት አያስፈራኝም፣ ሰውም ቢሆን ቀስቅሼ እነሳለሁ። ወንድሜ አጭር ነው፣ የትም ቢቀመጥ ይተኛል፣ ለሱ በምንም ሒሳብ አይቆረጥም።

እህቴ አሁንም በሙሉ ልቧ አልተቀበለችም። የሚያሳስባት መመለሻው ነው፣ በዚህ ላይ ደግሞ ልክ ናት። ከዋሽንግተን ሲመጣ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አያርፍም፣ 13 ሰዓት ገደማ ያለማቋረጥ ነው። ያኔ እናቴ ተለይታ የምትመጣው ከልጅ ልጇ ስለሆነ ልቧም ይከብዳል። አየር መንገዱ የኢኮኖሚ ቲኬት የቆረጠ ሰው ለቢዝነስ ወንበር ዋጋ አቅርቦ የሚጫረትበት አሠራር አለው፣ ቦታ ከተረፈና ዋጋህ ከተመረጠ ወደዚያ ትዛወራለህ። ለፕሪሚየም ልታወጣው የነበረውን ገንዘብ ይዛ መመለሻው ላይ ትሞክር ብያታለሁ። ካልሆነም ያው መተላለፊያ ዳሩ ተይዟል። ለእናቴ ስለ ጨረታው አልነገርናትም፣ ጤፉን ማስላት ትጀምራለች።